ነጭ ሽንኩርት በተራው፦ ገጠር ስላለችው የቤተሰብ መሬት



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከተማ ከምንኖር ወጣቶች ብዙዎቻችን ገጠር ውስጥ መሬት አለን። "አለን" ስንል በራሳችን ስም የተጻፈ ላይሆን ይችላል። አባታችን ወይም እናታችን የይዞታ ደብተር ያወጡባት፣ አጎት ወይም የአጎት ልጅ በእኩል የሚያርሳት፣ ለዒድ ስንሄድ ዳሯ ላይ ቆመን ፎቶ የምንነሳባት መሬት ማለታችን ነው። በዓመት አንዴ ስንዴ ወይም ጤፍ በጆንያ ይላክልናል፤ "ከአገር ቤት መጣ" ብለን እንበላለን። ከዚያ ውጭ ስሟ የሚነሳው ወይ ድንበር ሲገፋ ነው፣ ወይ ከመካከላችን አንዱ ገንዘብ ሲቸግረው ነው።

ዛሬ ስለዚያች መሬት እንጨዋወት። መነሻችን አንድ ሰብል ነው፤ ነጭ ሽንኩርት። ማለት የምንፈልገው ግን ከነጭ ሽንኩርት ሰፋ ይላል። ትንሽ መሬት ገቢዋ የሚያድገው ዋጋ የወጣለትን ሰብል ዓመት ከዓመት ስለጫንባት አይደለም፤ እያንዳንዱን ሰብል በተራው ስናስገባባት ነው። ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን ሳይሆን፣ በቤተሰባችን መሬት ላይ አምስተኛ ዓመቱን የያዘ ሥራ ስላለን ነው። አልሐምዱሊላህ።

መሬቷ ግማሽ ዓመት ሥራ ትፈታ ነበር

እኛ ደሴ ያደግን ስድስት ወንድማማቾችና እህትማማቾች ነን። ቤተሰባችን ከከተማዋ ብዙ በማይርቅ ሸለቆ ውስጥ 4 ጥማድ መሬት አለው፤ 1 ሄክታር ገደማ ማለት ነው። አባታችን ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ የሚያርሷት አጎታችን ናቸው።

ለብዙ ዓመታት የሚዘራባት በአመዛኙ ስንዴ ነበር። በአገራችን የስንዴ አማካይ ምርት በሄክታር 30 ኩንታል ገደማ ነው፤ የእኛም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከዚህ ላይ ግማሹ የአራሹ ድርሻ ነው። ከቀረው ደግሞ የዘርና የማዳበሪያ ወጪ ይነሳል። የተረፈውን ለእናታችንና ለስድስት ልጆች አካፍሉት። ለቀለብ ይደግፋል፤ ለትምህርት ክፍያ ወይም ለሥራ መነሻ የሚሆን ግን ከእሱ አይገኝም።

ከዚህ በላይ የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነበር። ስንዴው ኅዳር ላይ ከታጨደ በኋላ መሬቷ እስከ ሰኔ ድረስ ባዶዋን ትቆያለች። ከብት ይግጥባታል፣ ነፋስ አፈሯን ያነሳል። ከራስጌዋ ግን ከወንዝ የተጠለፈ ቦይ ያልፋል። ከ12 ወር ውስጥ 6ቱን ወይም 7ቱን ወር ውሃ በአጠገቧ እየፈሰሰ ሥራ ትፈታለች ማለት ነው። መሬት አነሰን እያልን የምናማርር ሰዎች፣ ያለችንን የምንጠቀምባት ግማሹን ዓመት ብቻ ነበር።

በበጋ ነጭ ሽንኩርት ይሞከርባት ያሉት አጎታችን ናቸው።

ለምን ነጭ ሽንኩርት?

አንደኛ፣ የእኛ አካባቢ ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ ቅዝቃዜውን ነጭ ሽንኩርት ይወደዋል። ሁለተኛ፣ ከተተከለ በ4 ወይም በ5 ወር ይደርሳል። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ቢተከል ሚያዝያ መጨረሻ ገደማ ይነቀላል፤ የክረምቱ እርሻ ሳይነካ በሁለቱ መካከል ይገባል። ሦስተኛ፣ እንደ ቲማቲም በሳምንት ውስጥ ተሽጦ ካላለቀ የሚበሰብስ አይደለም። በደንብ ደርቆ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከተሰቀለ ወራት ይቆያል። ስለዚህ ገበሬው ደላላው በጠራው ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም። አራተኛ፣ ወጥ በሚሠራበት ቤት ሁሉ ይፈለጋል።

ወጪውና ድካሙ ግን ቀላል አይደለም። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው በራሱ ፍንካች ነው። በመስመር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ቢተው፣ አንድ ጥማድ ከ83 ሺህ በላይ ፍንካች ይወስዳል። አንዱ ፍንካች 2 ግራም ተኩል ቢመዝን ከ2 ኩንታል በላይ ዘር ነው። ለስንዴ በሚወጣ የዘር ብር የሚታሰብ ነገር አይደለም። እያንዳንዷ ፍንካች ሹል ጫፏ ወደ ላይ ሆኖ በእጅ ትተከላለች። ፍግና ኮምፖስት በብዛት ይፈልጋል። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ አረሙን አፍኖ የማስቀረት አቅም የለውም፤ ደጋግሞ በእጅ መታረም አለበት። ሥሩም ጥልቅ ስላልሆነ ውሃ በየሳምንቱ ገደማ ሊደርሰው ይገባል፤ ሊነቀል ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ውሃው ይቆምለታል።

የቦዩ ውሃ የሚከፋፈለው በየውሃ አባት ነው። ተራችን ሌሊት ከሆነ ሌሊት ነው። ባለፉት ዓመታት ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ስለዋለ፣ አጎታችንና ልጆቻቸው ሰሑር በልተው፣ ፈጅር ሰግደው ቀጥታ ወደ ቦዩ ይወርዱ ነበር። ይህን የምናነሳው "ነጭ ሽንኩርት ተክለህ በአንድ ዓመት ሀብታም ሁን" የሚለውን ወሬ ለሚሰማ ወጣት ነው። ብሩ ከላብ በኋላ ነው የሚመጣው።

"አራቱንም ጥማድ እናድርገው"

የመጀመሪያው ዓመት የተተከለው በአንድ ጥማድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ጣሪያ ነካ። ከአንዲቷ ጥማድ የተገኘው ብር ከሦስቱ ጥማዶች እህል ድምር በለጠ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደመጣ መገመት አያዳግትም። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሒሳብ ማሽን ወጣ። አንድ ጥማድ ይህን ያህል ካስገኘ አራቱ ጥማድ አራት እጥፍ ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ፤ ከዚያ በኋላ ሱቅ፣ ከዚያ በኋላ ባጃጅ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ አንድም ስህተት የለበትም።

አጎታችን በስልክ አልተከራከሩም። "ኑና እዩ" ብቻ አሉ። ሄድን። ከእኛ መሬት ሁለት ማሳ አልፎ ወዳለ የጎረቤት እርሻ ወሰዱን። ባለቤቱ ሦስት ዓመት በተከታታይ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ተክሎበታል። በመጀመሪያው ዓመት የቤቱን ጣሪያ በቆርቆሮ ቀይሮበታል። በሦስተኛው ዓመት ግን ማሳው ቦታ ቦታ ላይ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። አጎታችን ባለቤቱን አስፈቅደው አንዱን ሳብ ቢያደርጉት ያለ ምንም ትግል ወጣ። ሥሩ በስብሶ አልቋል። ራሱን ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ሸፍኖታል። በሻጋታው ውስጥ ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተበትነዋል።

"ልጆቼ፣ እዚህ አፈር ላይ የዚህ ሰው ልጆች እንኳ ሽንኩርት ለመትከል ይፈራሉ" አሉን።

ነገሩ ማጋነን አይደለም። እነዚያ ጥቋቁር ነጠብጣቦች የበሽታው ዘር እንደማለት ናቸው። ሽንኩርት ባይተከልም አይሞቱም፤ አፈር ውስጥ ተኝተው ከ20 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። የሚያነቃቸው ከሽንኩርት ቤተሰብ ሥር የሚወጣው ንጥረ ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት ወይም ባሮ ሽንኩርት አጠገባቸው ሥር ሲሰድ ይነቃሉ፣ ይበላሉ፣ በብዙ እጥፍ ተባዝተው እንደገና ይተኛሉ። ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ ግን አይነኩም። ስለዚህ በየዓመቱ ነጭ ሽንኩርት በአንድ ቦታ መትከል ማለት ጠላትን በየዓመቱ መቀለብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንበል። በሽታው አንዴ አፈሩ ውስጥ ከተስፋፋ በኋላ ሦስትና አራት ዓመት ማፈራረቅ አያጠፋውም። ማፈራረቅ መከላከያ ነው፣ መድኃኒት አይደለም። ጥቅሙ መሬቱ ገና ጤነኛ ሳለ ነው። ለዚህም ነው ከማፈራረቁ ጋር ሁለት ጥንቃቄዎች አብረው የሚሄዱት። አንዱ የዘር ጥንቃቄ ነው፤ ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ነጭ ሽንኩርት ዘር አይወሰድም፤ ከታመመ ማሳ የመጣ ፍንካች ላዩ ንጹሕ ቢመስልም በሽታውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሌላው የአፈር ጥንቃቄ ነው፤ ከታመመ ማሳ የወጣ ጫማ፣ ዶማና ማረሻ ሳይታጠብ ወደ ጤነኛው አይገባም።

የዚያን ቀን ወደ ደሴ ስንመለስ ስለ አራት እጥፉ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ተራው እንዴት ይዞራል?

አሁን የምንከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አራቱ ጥማዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዓመት አላቸው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዷ ጥማድ በበጋ ነጭ ሽንኩርት ይተከልባታል። ሚያዝያ መጨረሻ ተነቅሎ ሲወጣ፣ በክረምቱ ያችው ጥማድ ስንዴ ትዘራለች። ለነጭ ሽንኩርቱ የተሰጠው ፍግና ኮምፖስት በሙሉ አላለቀም፤ የስንዴው ሥር ከነጭ ሽንኩርት ሥር ጠልቆ ስለሚሄድ የተረፈውን ያወጣዋል። ሲታረም የከረመ መሬት ስለሆነም ስንዴው አረም አይበዛበትም። ጤፍ የማንዘራበት ምክንያት አለን፤ ጤፍ አፈሩ ሲወፍርለት ቁመቱ በዝቶ ይተኛል።

በሁለተኛው ዓመት ባቄላ ይዘራባታል። ባቄላ፣ አተርና ምስር ሥራቸው ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሏቸው፤ በእነዚያ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጂንን ከአየር ይዘው ለተክሉ ያቀርባሉ። የተወሰነው ለሚቀጥለው ሰብል ይተርፋል። ዩሪያ በተወደደበት ዘመን ይህ አላህ ያለ ብር የሰጠን ማዳበሪያ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ጤፍ፣ በአራተኛው ገብስ ይዘራል። ገብስን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ከስንዴ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። መሬቷ ቀድማ ስትለቀቅ ደጋግሞ ለማረስ፣ ኮምፖስት ለመበተንና መደብ ለማውጣት ጊዜ ይገኛል። ከዚያ በአምስተኛው ዓመት በጋ ነጭ ሽንኩርት ወደ ጥማዷ ይመለሳል።

በዚህ አካሄድ በየዓመቱ አንዷ ጥማድ ነጭ ሽንኩርት፣ አራቱም ጥማዶች ደግሞ የተለያየ የክረምት ሰብል አላቸው። ቤቱ ስንዴም፣ ባቄላም፣ ጤፍም፣ ገብስም ያገኛል። ዋግ ስንዴውን ቢመታው ባቄላው ይተርፋል። የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ቢወድቅ ቀለቡ ከቤት አለ። ውሃውም ቢሆን በበጋ አራቱን ጥማድ አያዳርስም፤ አንዷን ግን በሚገባ ያጠጣል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ትዝ ይለናል። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 61 ላይ በኑ ኢስራኢሎች ነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ምድር ከምታበቅለው እንዲለምኑላቸው ሲጠይቁ ከዘረዘሯቸው ነገሮች አንዱ "ፉም" ነው። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ ፉም ማለት ነጭ ሽንኩርት ነው ብለዋል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ስንዴ ነው ብለዋል። እኛ ቤት ሁለቱም ተከታትለው በአንዲት ጥማድ ላይ ይበቅላሉ።

ዘንድሮ ዙሩ ሞልቶ ነጭ ሽንኩርት ወደ መጀመሪያዋ ጥማድ ተመልሷል። በሠፈሩ ያለው በሽታ ወደ እሷም ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ዓመት ነበር። ሁላችንም በየተራ እየሄድን ስንነቅል አየን። ሥሩ ነጭና ጤነኛ ነው። አልሐምዱሊላህ።

የከተማው ልጅ ድርሻ

"እኛ ከተማ ነው ያለነው፣ ምን እናድርግ?" የሚል ወጣት ይኖራል። ገበሬው የሌለው፣ ከተማው ውስጥ ግን ያለ ብዙ ነገር አለ።

አንዱ የዘር ብር ነው። ሁለት ኩንታል ዘር ለአንድ ገበሬ ከባድ ነው፤ ለስድስት ሰው ሲካፈል ግን በየወሩ ከሚቆጠብ ብር የሚወጣ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ከገዛን በኋላ ዘር አልገዛንም። ከአንድ ጥማድ 20 ኩንታል ቢገኝ ግማሹ የእኛ ነው፤ ከእኛ 10 ኩንታል 2ቱ ለከርሞ ዘር ይቀመጣል። የሚቀመጠው ደግሞ ለገበያ ያልሆነው ጥቃቅኑ አይደለም፤ ትልልቁና ጤነኛው ነው። አዲስ ዘር ለሚፈልግ እንደ ፀዳይ 92 እና ቢሾፍቱ ነጭ ያሉ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች አሉ፤ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ነው።

ሌላው ገበያ ነው። የጅምላው ዋጋ ስንት እንደሆነ ከተማ ያለ ሰው በአንድ ስልክ ያውቃል። እህታችን ምግብ ቤት ለከፈቱ ጓደኞቿ በቀጥታ ታስረክባለች፤ ወንድማችን ከመስጂዳችን ጀመዓ ባለ ሱቆች ዘንድ ያስገባል። ሁሉም ሰው በሚነቅልበት ሰሞን ዋጋው ይወርዳል፤ ክረምቱ ሲገባ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጥላ ሥር በደንብ አድርቀን ከፊሉን እናቆያለን።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። የትኛዋ ጥማድ በየትኛው ዓመት ምን እንደተዘራባት፣ ስንት ወጥቶ ስንት እንደገባ በአንድ ደብተር ይጻፋል። አጎታችን በቃላቸው የያዙትን እኛ በወረቀት እናስቀምጣለን። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት ደብተሩ ይናገራል።

ሐላልነቱን መጠበቅ

ገቢ ሲጨምር ጥያቄም ይጨምራል። ዝርዝሩን ለዑለሞቻችን ትተን፣ እኛን ያጋጠሙንን እናንሳ።

በእኩል ማሳረስ፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት ለነዋሪዎቹ ከምርቱ ግማሽ እንዲሰጡ አድርገው እንዳሠሯቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዑለሞች በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ ጥንቃቄው የጋራ ነው፤ ድርሻው ከጠቅላላው ምርት ግማሽ ወይም ሲሶ ተብሎ መታወቅ አለበት። "በቦዩ ዳር የበቀለው የእኔ፣ ከዚያ በታች ያለው የአንተ" ማለት አይቻልም። አንዱ ቢጠፋ አንዱ ወገን ባዶ እጁን ይቀራልና።

መሬት ውስጥ ያለን ሽንኩርት መሸጥ፦ ነጋዴዎች ሳይነቀል "ማሳውን በዚህ ያህል" እያሉ ይመጣሉ። ከመሬት በታች ያለውን ማንም አላየውም። ዑለሞች በዚህ ተለያይተዋል፤ የፈቀዱም የከለከሉም አሉ። እኛ ነቅለን፣ አድርቀንና መዝነን መሸጥን መርጠናል። ከክርክርም ያድናል፣ ዋጋውም የተሻለ ነው። ብር ቀድሞ ያስፈለገው ሰው ደግሞ የሰለም ውል አለለት፤ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ቀድሞ ተከፍሎ፣ ክብደቱ፣ ዓይነቱና የሚረከብበት ቀን ተለይቶ ይታወቃል።

ብድር፦ ለዘርና ለማዳበሪያ ብለን ሪባ ውስጥ መግባት የለብንም። ዛሬ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ። ከዚያ በፊት ግን የቤተሰብ መዋጮ ይቀድማል።

ዘካ፦ የስንዴው፣ የጤፉና የገብሱ ዘካ የታወቀ ነው፤ ኒሷቡ አምስት ወስቅ ነው፣ በብዙ ዑለሞች ስሌት 6 ኩንታል ተኩል ገደማ ማለት ነው። በዝናብ የበቀለ ከሆነ አንድ አስረኛ ይወጣለታል። በነጭ ሽንኩርት ላይ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ፤ በሐነፊይ ዘንድ ምድር ካበቀለችው ሁሉ ይወጣል፤ በሻፊዒይ ዘንድ ደግሞ ዑሽር በቀለብ እህል ላይ ነው። ኡስታዛችንን ጠይቀን፣ ብሩ ኒሷብ ሞልቶ የሒጅራ ዓመት ሲዞርበት ሁለት ተኩል በመቶ እናወጣለን። እናንተም የየአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ስለ ሽታውም የሚቀልዱብን አሉ። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው ሳይለቀው ወደ መስጂድ እንዳይመጣ በሐዲስ መከልከሉ ይታወቃል። ያ ግን ሐራም ስለሆነ አይደለም፤ በሽታው ሰጋጁ እንዳይቸገር ነው። አብስሎ መብላት ሽታውን ይገድላል። አትክልቱን ማልማትና መሸጥ ግን ሐላል ሪዝቅ ነው።

ሳዑዲ ወይስ መሬት?

ከደቡብ ወሎ ወጣቶች ጋር እያወራን ይህን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። በእያንዳንዱ ቤት ማለት ይቻላል በጅቡቲና በየመን አቋርጦ ሳዑዲ የገባ፣ በመንገድ የቀረ ወይም ተይዞ የተመለሰ ሰው አለ። የእኛም ታናሽ ወንድም ደላላ አግኝቶ ነበር። ደላላው የሚጠይቀው ብር ከየት ይምጣ ሲባል "መሬቷ ለብዙ ዓመት ትከራይና በአንዴ ይከፈለን" የሚል ሐሳብ ተነሳ። ይህ ሐሳብ በስንት ቤት እንደሚነሳ እናንተም ታውቃላችሁ።

እናታችን ምንም አልተናገሩም፤ አለቀሱ እንጂ። አጎታችን ግን ለወንድማችን እንዲህ አሉት፦ "ልጄ፣ ሂድም አልሂድም የምትለው አንተ ነህ፤ መሬቷ ግን የአንተ ብቻ አይደለችም፣ አደራ ናት። የሚከራያት ሰው ለከርሞ አያስብላትም፤ ነጭ ሽንኩርት በነጭ ሽንኩርት ላይ ተክሎባት፣ ያልቅባትና ይመልስልሃል።"

ወንድማችን ያን ዓመት ከመሄድ ይልቅ የሽያጩን ሥራ ያዘ። ዛሬ ከእኛም ከሌሎች አራት ገበሬዎችም ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ እየተረከበ ይሸጣል። ለሁልጊዜ ይቆያል ብለን አንምልም፤ አላህ ነው የሚያውቀው። ሳዑዲ ካሉት ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር የሚያገኘው ያንሳል፤ ይህንንም አንደብቅም። ነገር ግን ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ዒሻን ከእኛ ጋር ይሰግዳል።

ልብ የሚባሉ ነገሮች

አንዲት ጥማድ ነጭ ሽንኩርት ስድስት ቤተሰብ አትቀልብም። ከአምስቱ ዓመታት በአንዱ ዋጋው ወርዶ ከእህሉ ብዙም ያልተሻለ ገቢ አግኝተናል። ውሃ የሌለው መሬት በበጋ ይህን ማድረግ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ቦታ በክረምት ተክሎ በጥቅምት መንቀልና ተራውን በዚያው ልክ ማስተካከል ይሻላል፤ በክረምት ግን የቅጠሉ ዋግ ስለሚበረታ ክትትል ይፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት በተነቀለ ማግሥት ቀይ ሽንኩርት የሚያስገባ ሰው ደግሞ አፈራረቀ አይባልም፤ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው። ማፈራረቅ ማለት ከቤተሰቡ መውጣት ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ በሚቀጥለው ዒድ ወደ ገጠር ስትሄዱ የመሬታችሁን ዳር ቆማችሁ ፎቶ ከመነሳት አልፋችሁ አራሹን ጠይቁ። አምና ምን ነበረ? ካቻምናስ? ከኅዳር እስከ ሰኔ ምን ይሠራባታል? ውሃው በየት ያልፋል? መልሱን በደብተር ጻፉት። አንዲት ጥማድ እንኳ ብትሆን ከዚያ ይጀመራል።

ሙስሊም ከዘራው ላይ ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የምንለቀው መሬት ከእኛ በኋላ ለሚዘሩትም የሚያበቅል ይሁን።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን። በበረሃና በባሕር ላይ ያሉ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን በሰላም ይመልስልን። በማሳ ላይ ያሉ አባቶቻችንን ጤና ይስጥልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።